ክንዴን ለመለሰችልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድም ለማመስገን ነው። አንድም ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ የጡት ካንሰር ታክማችሁ ክንዳችሁ ያበጠባችሁ እህቶች የት መሄድ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ «የእኔ ስም ይቅር፣ ሰዎቹ ይምጡ» ብላኛለች። ሥራዋ ፊዚዮቴራፒ ነው። እኛ ታካሚዎቿ ግን ሲስተር ነው የምንላት፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራት።

የእኔ ካንሰር ሲገኝ ከጡቴ አልፎ የብብቴ ንፍፊት ላይ ደርሶ ነበር። ተሰራጭቷል ሲሉኝ ያበቃልኝ መሰለኝ። ሐኪሙ ግን አስቀመጠኝና ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ብብት ያለ ንፍፊት ላይ መድረስና ጉበት፣ ሳንባ ወይም አጥንት ላይ መድረስ አንድ አይደለም። ንፍፊት ላይ የደረሰው ጠንከር ያለ ሕክምና ይፈልጋል፤ የሚታከመው ግን ለመዳን ታስቦ ነው። ይህን ሳታውቁ ገና በወሬው ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሐኪማችሁን ደግማችሁ ጠይቁ።

ኬሞውን ወሰድኩ። ቀዩ መድኃኒት ፀጉሬን አራገፈው። ከዚያ ጡቴና የብብቴ ንፍፊቶች በቀዶ ሕክምና ወጡ። ጨረሩን ጥቁር አንበሳ ጨረስኩ። ለረጅም ዓመታት በአገራችን ጨረር የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነበርና ስንቱ ሰው በዚያ በር አልፎ ለቤቱ በቅቷል፤ እኔም አንዷ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን በየቀኑ ታሞክሲፌን እውጣለሁ። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ለሆነብን 5 ዓመት፣ ለአንዳንዱም እስከ 10 ዓመት የሚታዘዝ ነው። ክትትሌ ደህና ነው፣ ተመስገን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው የክንዴ ነገር ነው።

ጨረሩ አልቆ ወራት ካለፉ በኋላ የቀኝ ክንዴ ይከብደኝ ጀመር። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ያለ ሹራብ አይወጣም። የሹራቤ አንዱ እጅጌ አልገባ አለኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ከሰሌዳው ላይኛው ጫፍ ላይ ቀን መጻፍ አቃተኝ። ማታ ደግሞ ክንዴን የማሳርፍበት ይጠፋኛል። ሰፈሩ «ተመልሶባት ነው» አለ። አንዱ ወጌሻ ይሻት አለ። አንዷ ጎረቤቴ ዋግምት የሚያደርግ ሰው አለ፣ ደሙ ሲወጣ ይቀልልሻል አለችኝ። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው። እናቴ ከመሐል ሜዳ ድረስ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር።

ሲስተርን የጠቆመችኝ አብራኝ ኬሞ ትወስድ የነበረች የሸዋ ሮቢት ሴት ናት። ዕድሜ ይስጣት።

የመጀመሪያ ቀን ክንዴን አላሸችኝም። ወረቀቶቼን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ «እትዬ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎ ይይዎት። የደም መርጋት አለመሆኑ፣ ካንሰሩም አለመመለሱ ሳይታወቅ እጄን አላሳርፍም» ብላ መለሰችኝ። ያን ቀን ነው ያመንኳት። ገንዘቤን ተቀብላ ልትጀምር ትችል ነበር። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ሐኪሙ አየኝ፣ ሁለቱም አልነበረም። በሽታው ሊምፈዴማ ይባላል።

ስመለስ ሁለቱንም ክንዶቼን ዘርግታ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በእስክሪፕቶ ምልክት አደረገች። የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ እያንዳንዱን ምልክት ዙሪያውን ለካች። ግራውን በአንድ ረድፍ፣ ቀኙን በሌላ ረድፍ ጻፈች። በሄድኩ ቁጥር ትለካለች፤ ልዩነቱ ሲጠብብ ደብተሩን አዙራ ታሳየኛለች። «ደህና ነሽ» ከሚለኝ ሰው ሁሉ ይልቅ ያ ደብተር ነው ልቤን ያሳረፈው።

ነገሩን ያስረዳችን ለእኔም ለእናቴም በሚገባን መንገድ ነው። ከክንድ የሚመለሰው ውሃ በብብት ንፍፊቶች በኩል ነው የሚያልፈው። ንፍፊቶቹ ሲወጡና ቦታው ጨረር ሲያገኘው፣ ቦዩ እንደተደፈነ መስኖ ውሃው እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ሥራው በሌላ በኩል መንገድ ማሳየት ነው። እሽታዋም የሚጀምረው ካበጠው ክንድ አይደለም። መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ የደህናው ጎን ብብት፣ ከዚያ ትከሻ፣ መጨረሻ ላይ ክንዱ። እጇ በጣም ለስላሳ ነው፤ ቆዳውን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ወጌሻ የለመድን ሰዎች «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?» ልንል እንችላለን። ይሠራል። በኃይል ማሸት ግን ያንን ክንድ ይጎዳዋል ትላለች።

ከዚያ ፋሻው አለ። ከጣቶች ይጀምራል፣ እጅ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ ይላል። ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ይፈታል። ከፋሻው ሥር የሚሆን ለስላሳ ነገር ገበያ ላይ ስንፈልግ አጣን። እናቴ ለፈትል ያዘጋጀችውን ባዘቶ አወጣች። ሲስተር ዳሰስ ዳሰስ አደረገችውና «እማማ፣ ከዚህ የተሻለ የለም» አለቻት። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ጠቅልለን እሱን ነው ያነጠፍነው። እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ አላለቀሰችም። አጠቀላለሉን ተምራ አሁን ቤት ውስጥ የምትጠቀልልልኝ እሷ ናት።

እንቅስቃሴም ሰጥታኛለች። ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣት ወደ ላይ መውጣት፣ ፀጉር ማበጠር፣ እጅ መጨበጥና መዘርጋት፣ በረጅሙ መተንፈስ። ግድግዳዬ ላይ በጠመኔ የደረስኩበትን እያሰመርኩ ወጣሁ። ዛሬ ቀኑን የምጽፈው ሰሌዳው ጫፍ ላይ ነው።

ስለ ዋግምቱም ጠየቅኳት። ፊቷ ተለወጠ። ያ ክንድ ከእንግዲህ በሽታ የመከላከል አቅሙ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ቁስል በቂ ነው ለኢንፌክሽን። ስለዚህ ምላጭ አይነካውም። እንጀራ ስጋግር እንፋሎቱ እንዳያቃጥለኝ ጓንት አደርጋለሁ። እሾህና ቢላዋ እጠነቀቃለሁ። ብርዱ ቆዳዬን እንዳይሰነጥቀው ቫዝሊን እቀባለሁ። መርፌ ሲወጋኝ፣ ደም ግፊት ሲለካኝም ግራውን ነው የምሰጠው።

ይህን ሁሉ እየተጠነቀቅኩም አንድ ሌሊት ክንዴ ቀልቶ ጋለ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ደወልኩላት። ከእንቅልፏ ተነስታ አነሳች። «ፋሻውን ይፍቱት፣ እሽታም አያድርጉ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ይሂዱ» አለችኝ። እስኪነጋ ልቆይ ብል አልሰማ አለች፤ ሆስፒታል ደርሼ መድኃኒቱ እስኪጀመርልኝ ድረስ እየደወለች ተከታተለችኝ። አንቲባዮቲክ ተሰጥቶኝ ዳንኩ። እንዲህ ዓይነት ምልክት ካያችሁ እናንተም አትደሩ።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሲስተር «አድንሻለሁ» አትልም። ሊምፈዴማ አንዴ ከመጣ አብሮ ይኖራል፤ የሚቻለው መግዛትና ማሳነስ ነው። ቶሎ የመጣ ሰው ቶሎ ይቀልለዋል። ስለዚህ እጅጌ ሲጠባችሁ፣ ክንድ ሲከብዳችሁ ተነሱ፤ እስኪያብጥ አትጠብቁ። ገና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃችሁም ስለ ክንዳችሁ ከወዲሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ራቅ ያለ ቦታ ያላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ካለው በሊምፈዴማ ላይ የሠራ ባለሙያ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሲስተር፣ ይህን እንደምታነቢ አውቃለሁ። እጅሽ ይባረክ። ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ክፍያዋ አይከብድም፤ ላጣ ሰውም ስትታገሥ አይቻለሁ። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከአንኮበር የምትመጡ ቀድማችሁ ደውሉ፤ የሩቅ ሰው ሲመለስ እንዳይመሽበት ብላ ጠዋት ነው የምትይዘው። የቀዶ ሕክምናውንና የጨረሩን ወረቀት ያዙ። እሽታውንና አጠቀላለሉን ቤት የሚሠራላችሁን ሰውም ይዛችሁ ኑ፤ ለእሱም ታስተምረዋለች።