የደሴው የድርሰት ማጠናከሪያ፦ መምህሩ ጎበዝ፣ እርማቱ ቀርፋፋ

ሰባተኛ ክፍል ያለችውን ልጄን ክረምቱን ደሴ ውስጥ አንድ ማጠናከሪያ ቤት አስገብቻት ነበር። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ስዕላዊ ድርሰት የሚያስተምረው ልጅ እግር መምህር አንደኛ ነው። «ቆንጆ»፣ «ትልቅ»፣ «ደስ የሚል» የሚሉትን ቃላት ከልክሏቸዋል፤ ምን አይታችሁ ነው ቆንጆ ያላችሁት፣ ምን ሸተታችሁ፣ ምን ሰማችሁ እያለ መፈናፈኛ ያሳጣቸዋል። የኔዋ ስትጀምር «ጦሳ በጣም ትልቅ ተራራ ነው» ብላ ነበር የጻፈችው። በኋላ ግን «ጠዋት የጦሳ አናት ጉም ውስጥ ይገባል፤ ከበረንዳችን የሚታየው ወገቡ ብቻ ነው» ብላ መጣች። ኧረ እኔም እዚሁ አድጌ ልብ ብዬው አላውቅም! አንድ ቀን ደግሞ ሰኞ ገበያን ከዳር ወደ መሃል እየገቡ እንዲጽፉ አዘዛቸው፣ መጀመሪያ ጫጫታው፣ ቀጥሎ የበርበሬው ሽታ፣ መጨረሻ ላይ የአንዲት ነጋዴ እጅ ብቻ። ድርሰት ላይ የዕቃ ስም ከመደርደር ተገላገልን።

ችግሩ እርማቱ ነው። ደብተር ሳምንታት ቆይቶ ይመለሳል፣ ያውም ራይት ብቻ ተደርጎበት። እሱ በሌለ ቀን የሚተካው መምህር ደግሞ «የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ...» የምትለዋን መግቢያ ያስሸመድዳቸዋል። ስለ ጀበናም ቢሆን፣ ስለ ሐይቅም ቢሆን ያችው ናት! ክፍሉም ጠባብ ነው።

ዋጋው ረከሰ አይባልም። ልታስመዘግቡ ከሆነ የትኛው መምህር እንደሚገባ አስቀድማችሁ ጠይቁ።