ዲኢአር-ቬት፦ በነፃ ነው ግን ያለፋል

የአንድ ጌስት ሃውስ ባለቤት "ሶላርና ባትሪ ባስገባ ያዋጣኛል ወይ?" ብለው ጠየቁኝና በኤክሴል ከምዳክር ብዬ ዲኢአር-ቬት የሚባለውን የሶላርና የባትሪ አዋጭነት ማስያ ሶፍትዌር ሞከርኩት። ኢፒአርአይ የሚባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ምርምር ተቋም ነው የሰራው፣ ገንዘቡን የሰጠው የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን ነው፣ ኮዱ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሆኖ ክፍት ነው፣ ላይሰንስ ግዛ የሚልህ የለም።

መጀመሪያ ያናደደኝን ልናገር። ሶላሩ በየሰዓቱ ስንት እንደሚያመነጭ ራሱ አያሰላልህም፣ 8,760 መስመር ያለው ፋይል (ለአመቱ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ መስመር) አንተው ነህ የምትሰጠው። እኔ ፒቪጂአይኤስ ከሚባለው የአውሮፓ የሶላር መረጃ ድረ-ገጽ አውርጄ እንዳለ አስገባሁት፣ ግራፉን ሳይ ፀሐይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትወጣለች! ለካ ፒቪጂአይኤስ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው የሚሰጠው፣ እኛ ደግሞ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ግማሽ ቀን ሶፍትዌሩን ስራገም ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኘ።

የወደድኩት የመብራት መጥፋትን የሚያሰላበትን መንገድ ነው። በአመቱ ውስጥ በፈለገው ሰዓት ቢጠፋ ሶላሩ፣ ባትሪውና ጀነሬተሩ ተጋግዘው ስንት ሰዓት የማቆየት እድል እንዳላቸው ያሳይሃል፣ ለኛ አገር ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፣ ታሪፋችን ርካሽ ስለሆነ ከቢል የምትቆጥባት ብቻዋን ባትሪ አትገዛም፣ ትርፉ ያለው ለጀነሬተሩ ከምትቆጥበው ናፍታ ላይ ነው። ፍሪኩዌንሲ ሬጉሌሽን (የመብራት መስመሩን ሚዛን በባትሪህ ስትጠብቅ የሚከፈልህ) ምናምን የሚሉት የገቢ አማራጮች ለአሜሪካ ገበያ ናቸው፣ እኛ ጋ የሚገዛህ ስለሌለ ዝለላቸው። ብርና ዶላር ደግሞ እንዳትቀላቅል፣ በብር ከጀመርክ ወለዱም የዋጋ ንረቱም የብር ይሁን።

ለማነጻጸር ኤንአርኢኤል ይባል የነበረው የአሜሪካ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ የሰራውን ሪኦፕት የሚባል ተመሳሳይ ሶፍትዌርም ሞክሬዋለሁ። እሱ በብሮውዘር ይሰራል፣ ቦታውን ስትሰጠው ሶላሩን ራሱ ያሰላልሃል፣ ለጀማሪ በጣም ይቀላል። ግን የአሜሪካን የታክስ ማበረታቻ በዲፎልት ያስገባብሃል፣ ዜሮ ካላደረግከው ውጤቱ ማር ማር ይላል። መብራት የሚጠፋበትን ቀንና ርዝመት ደግሞ አንተ ነህ የምትነግረው፣ እኛ ጋ መቼ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል?

እኔ ለዲኢአር-ቬት ከ5 3 ተኩል ሰጥቼዋለሁ። የጌስት ሃውሷ ባለቤት ግራፉን ካዩ በኋላ "ታዲያ ጀነሬተሩን ልሽጠው?" አሉኝ። ኧረ እትዬ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝቅ ያለችውን የሶላር መስመር አይዩአትም እንዴ አልኳቸው።