በእጅ የሚያዝ የኤክስ ሬይ አፈር መመርመሪያ ለኮምቦልቻ ማሳ ይበቃል?

ሽጉጥ የሚመስለው ይህ መሣሪያ አፈር ላይ ተደግኖ በ1 ደቂቃ ገደማ የእርሳስን፣ የዚንክንና የክሮሚየምን መጠን በሚሊግራም በኪሎ ያሳያል። ቆዳና ብረታ ብረት ፋብሪካ ባለበት በኮምቦልቻ፣ በተለይ በቦርከና ወንዝ ውሃ ለሚለማ ማሳ፣ ለመጀመሪያ ቅኝት ጥሩ ነው። የተበከለውን ጥግ ቶሎ ይለያል።

ድክመቱ ካድሚየም በተባለው መርዛማ ብረት ላይ ነው። አብዛኛው ሞዴል ከ10 ሚሊግራም በታች ሲሆን አያስተማምንም፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን የፍሳሽ ዝቃጭ ለሚጨመርበት እርሻ ያስቀመጠው ጣሪያ ከ1 እስከ 3 ነው። «አልተገኘም» የሚለውን አምኖ ቆስጣና ሰላጣ መዝራት የለየለት ድፍረት ነው፤ ካድሚየም በቅጠላ ቅጠል በኩል ገብቶ ኩላሊት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል። ክሮሚየምንም በጅምላ ነው የሚቆጥረው፤ ካንሰር አምጪውን የክሮሚየም ዓይነት (ባለስድስቱን) ከሌላው ዓይነት (ከባለሦስቱ) አይለይም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርጥብ አፈር ላይ በመለካት ነው። ውሃው ጨረሩን ስለሚያዳክም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ10 እስከ 15 ቦታ እየተዘዋወራችሁ ውሰዱ፤ ደባልቁት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉት። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ውጤቱን ያበላሻል። (መሣሪያውን ወደ ሰው መደገን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ጨረር ነው።)

ዋጋው ለአንድ የገበሬ ማኅበር አይቀመስም፤ ባለሙያ ጠርቶ ማስለካት ይሻላል። ንጹሕ ከተባለው ማሳም ጭምር ግማሽ ኪሎ ደረቅ አፈር ለካድሚየም ምርመራ ላብራቶሪ ይላክ።