ሲሚንቶዬን አስመልሰው ጓሮዬን ለካቡልኝ አባት

እንዴት ሰነበታችሁ፣ የደሴ ሰዎች። ይህን የምጽፈው አንድም ለምስጋና ነው፤ አንድም የጓሮዬን ፎቶ አይታችሁ «ማን ሠራልሽ? ስንት ፈጀብሽ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ባንዴ ለመመለስ ነው። ለየብቻ ስመልስ ጣቴ ዛለ።

ስማቸውን አልጽፍም። ላስፈቅዳቸው ብሞክር «ስሜ ምን ያደርግላቸዋል ልጄ፣ ካቡን አሳዪያቸው» አሉኝ። እናቴ ግን ገና በሁለተኛው ቀን «አያ ካቤ» የሚል ስም አውጥታላቸው ነበር፤ እሳቸውም ስቀው ስለተቀበሉት እኔም በዚያው ልጥራቸው።

ቤታችን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ነው። (ደሴ ውስጥ ደልዳላ ግቢ ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ፣ ቡና ልንጠጣበት እንመጣለን።) ከወጥ ቤቱ ጀርባ ስምንት ሜትር ርዝመት ያላት ጓሮ አለችን፤ ላይኛው ጫፏ ከታችኛው የሰው ቁመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ወጥ ቤት በር ድረስ ይወርዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ግንበኛ በሲሚንቶ ግንብ ሠርቶልን ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ የተለሰነ፣ የሚያምር። በሁለተኛው ክረምት ነሐሴ ላይ ሆዱ ተነፋ፤ አንድ ሌሊት ተገንድሶ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሁለት ዶሮዎች ግን ሄደውብናል። ከዚያ ወዲህ ጓሮው የፍርስራሽ ድንጋይ፣ የአሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ምጣድና የባዶ ማዳበሪያ ማከማቻ ሆኖ ከረመ።

ዘንድሮ ቆርጬ ተነሳሁ። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ለእናቴ አሳየኋት፤ ድንጋዩ ያልተጠረበ፣ እንጨቱ ያልተላገ፣ የገጠር ቤት መልክ ያላቸው ጓሮዎች። አየት አደረገችና «ይኼማ የአያትሽ ደጅ ነው፤ ለዚህ ነው ገንዘብ የሚከፈለው?» አለች። እኔ ግን አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቼ፣ አሸዋ አዝዤ፣ ግንበኛ ማፈላለግ ጀምሬ ነበር። አያ ካቤን የጠቆመችኝ ጎረቤታችን ናት።

ጥር አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በትራቸውን ይዘው መጡ። ዋጋ ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ የወደቀውን ግንብ እየዞሩ አዩት፤ ከዚያ «ውሃው በየት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረኝም። ግንቡ ላይ አንድም የውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳልነበረ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ከጀርባው ያለው አፈር ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ደግሞ ግንቡን ከነአፈሩ ወደ ፊት ይገፋዋል። «ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ልስኑን እይው እስቲ፣ የጎበዝ እጅ ነው። ውሃውን ረሳው እንጂ» አሉ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ስረግመው የኖርኩትን ሰው!

ቀጥለው «ሲሚንቶውን መልሺ» አሉኝ። የቀን ሠራተኛ ሆነው ሥራውን የሚያሳንስ ሰው አይቼ አላውቅም። አንዷን ኩንታል ብቻ ለውሃ መውረጃ ቦዩ አስቀርተው የቀረውን ባለሱቁ ተቀበለኝ። በነገራችን ላይ አያ ካቤ የኩታበር ሰው ናቸው። ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ ተራራው ላይ እርከን ሲሠራ ነው። በቀን 3 ኪሎ ስንዴ እየተሰፈረላቸው። «ያኔ የካብነው እርከን ዛሬም አለ» ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ይህን ነውና።

ቁመቱን በአንድ ረጅም ግንብ ከመያዝ ለሁለት ከፈሉት። እያንዳንዱ ካብ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በመሃላቸው ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሜዳ አለ። አንዱ ካብ ሌላውን እንዳይጫነው መራራቅ አለባቸው ነው የሚሉት። ያለ ሲሚንቶ ከወገብ በላይ ከፍ ያለ ካብ ለቤት ጀርባ አይሠሩም። ሌላ ጎረቤታችን ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ሲጠይቃቸው «እሱ የመሐንዲስ ነው» ብለው መለሱት።

መሠረቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ያህል ስፋት ያለው ቦይ ነው፤ ለስላሳው አፈር ተጠርጎ ጠንካራው እስኪገኝ ይቆፈራል። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይገባል፤ እኔ ትልልቁንና የሚያምረውን ለላይ አስቀምጬላቸው ስለነበር ግማሽ ቀን ሥራ አበላሸሁ። የድንጋዩ ረጅም ጎን ወደ አፈሩ ውስጥ ይገባል እንጂ በፊት ለፊት አይዘረጋም። እኔ ብሆን ሰፊውን ፊት ለማሳየት ስል ዘርግቼ አስቀምጠው ነበር፤ እንደዚያ የተቀመጠ ድንጋይ ተፈንቅሎ ለመውጣት ቅርብ ነው አሉኝ። ሁለት ድንጋይ የተጋጠመበት ቦታ ላይ ሦስተኛው ይውላል፤ መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከወረደ ካቡ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። በየሜትሩ አንድ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ረጅም ድንጋይ ያሳርፋሉ፤ «ማሰሪያ» ይሉታል። ካቡ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከእግሩ እስከ ራሱ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ተዳፋቱ ጋደል ይላል። ከጀርባው ደግሞ አፈር አይሞላም፤ የሲሚንቶው ፍርካሽ፣ ጠጠሩ፣ የሸክላ ስባሪው ሁሉ እዚያ ገባ። ውሃው በዚያ ተጣርቶ በድንጋዮቹ መሃል ይወጣል።

የሚገርማችሁ፣ አብዛኛው ድንጋይ ያው የወደቀው ግንብ ነው። አብረዋቸው የሚሠሩት ሁለቱ ልጆች (አንዱ የልጅ ልጃቸው ነው) ሲሚንቶውን በመዶሻ እያራገፉ አቀበሏቸው። የገዛሁት ግማሽ አይሱዙ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ሁሉም ተደምሮ፣ የዘጠኝ ቀን የሦስት ሰው ሒሳብ ጭምር፣ ለሲሚንቶው ግንብ ከተጠየቅኩት ሲሶ አልሞላም።

መሃል ላይ ያለው ሜዳ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ፤ ከሥሩ ገረገንቲ ተደልድሏል፤ ውሃ እንዳይተኛበት በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውሃ መውረጃው ቦይ ዝቅ ይላል። በድንጋዮቹ መሃል ሰርዶ ተክለናል፤ ይዟል። የተሰበሩት ምጣዶች ጎን ለጎን ቆመው የጤና አዳሙ፣ የበሶብላውና የጠጅ ሳሩ መደብ ዙሪያ ሆነዋል። ይህ የእናቴ ሐሳብ ነው፤ ሰው ሲያደንቅ እኔ ዝም ስል ስለምትቆጣ ጻፍኩት።

ግድግዳው ሥር፣ ጣሪያው በሚከልለው በኩል፣ ከድንጋይና ከጭቃ መደብ ሠርተውልናል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ተኝቷል፤ በየቀኑ ይረገጥ ነበር። ዝናብ በሚያገኘው ቦታ ግን የጭቃ መደብ አትሞክሩ፣ ክረምቱ ይበላዋል።

ከላይ ጥላ እንዲሆን አምስት አጣና አቆምን። ልጡ ተልጦ ደረቀ፤ አፈር ውስጥ የሚገባው እግሩ በእሳት ተለበለበ፤ ዙሪያውም በአፈር ፋንታ ጠጠር ተጠቀጠቀበት፣ እርጥበት እንዳይዘው። ጎረቤታችን «የተቃጠለ ዘይት ቀቡት» ብሎ ነበር። አያ ካቤ መደቡን በበትራቸው እያሳዩ «ይህን ጤና አዳም ቡና ውስጥ ልትከቺው አይደል እንዴ?» አሉኝ። ቀረ። ምስማር ሲመቱም ጫፉን በመዶሻ ደብደብ አድርገው ያደነዝዙታል፤ ሹል ምስማር አጣናውን ይሰነጥቀዋል። ለዘንድሮ ዱባ ይወጣበታል፣ ለከርሞ ሌላ እናስባለን።

የእኔ ሥራ የፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ) ጠረጴዛው ነው። የአጎቴ ልጅ ከኮምቦልቻ አራት አሮጌ ፓሌት አመጣልኝ። እናንተም ስትገዙ ማኅተሙን እዩ፤ «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ «ኤም ቢ» የሚለው ግን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለጠረጴዛም ለአትክልት መደብም አይሁን። ከአራቱ አንዱ እንደዚያ ሆኖ መለስኩት። ጠረጴዛዬ ሲያልቅ ይወዛወዝ ነበር። አያ ካቤ ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ከአንዱ እግር ሥር ጠጠር አስገቡና ሄዱ። እስከ ዛሬ ጠጠሯ እዚያው ናት።

አንድ ነገር ለሁላችሁም ይጥቀማችሁ። ለእሳት ቦታው ብዬ ከቦርከና ለስላሳ፣ ክብ ድንጋይ አስመጥቼ ነበር፤ ሲያዩት ተቆጡ። የወንዝ ድንጋይ ውሃ አምቆ ስለሚይዝ እሳት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል። ከተራራው በኩል የመጣ ደረቅ ድንጋይ ቀይረው፣ መሃሉ ላይ ሦስት ጉልቻ አስቀመጡልን። የወንዙ ድንጋይ አሁን የአበባው ዙሪያ ነው።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፤ በኋላ እኔን እንዳትወቅሱኝ። ስልክ አያነሱም። በሜትር ሒሳብ አይዋዋሉም፣ የቀን ነው። ዓርብ ግማሽ ቀን ናቸው። በመሃል የሩቅ ዘመድ ለቅሶ ደርሶ ሁለት ቀን ቀሩ፤ የዘጠኝ ቀኑ ሥራ ሦስት ሳምንት የፈጀው በዚህና በመሰለው ነው። አንድ ድንጋይ ይዘው አምስት ጊዜ እያገላበጡ ሲያዩ ላየ ሰው ትዕግሥት ያስጨርሳሉ። በሦስተኛው ቀን «ጋሼ፣ ትንሽ ብንፈጥን» ብላቸው ድንጋዩን መሬት አስቀምጠው «እንካብ ካልሽ እንካብ፣ እንናድ ካልሽ እንናድ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቡና ማፍላት እንጂ መናገር ተውኩ። እናቴ ግን ወሬያቸውን ወደደችው፤ አቦል ላይ የጀመሩትን ጨዋታ በረካ ላይ ነው የሚጨርሱት።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ከበረዶ ጋር አንድ ሌሊት ሙሉ ወረደ። እኔ አልተኛሁም፤ ያ ግንብ የወደቀበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ሲነጋ በባትሪ ወጣሁ። ከካቡ ድንጋዮች መሃል ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ጥርት ብሎ፣ በቦዩ ይወርዳል። ወጥ ቤቱ በር ላይ ጭቃ የለም። ለአያ ካቤ ደወልኩ፤ እንደ ልማዳቸው አላነሱም። በማግስቱ በልጅ ልጃቸው በኩል «ሰማሁ፣ አብሽሪ በያት» ብለው ላኩብኝ።

ሙሉ ክረምቱን ገና አላየውም፤ ሐምሌና ነሐሴ አልፈው መስከረም ላይ ያለበትን ፎቶ እለጥፋለሁ። ከወደቀም እለጥፋለሁ።

አያ ካቤ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ ያነብልዎታል። እናቴ ጠዋት ጠዋት መደቡ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከቤት መውጣት ትታ ነበር፤ አሁን ቁርሷንም እዚያው ነው የምትበላው። እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ያ የቀረው የግማሽ ቀን ሒሳብ እኔ ዘንድ አለ፤ «ለቡናው ይሁን» ያሉትን አልተቀበልኩም።

እሳቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በልጅ ልጃቸው በኩል አገናኛችኋለሁ። ሰኔ ሲገባ ወደ እርሻቸው ስለሚመለሱ ከግንቦት መጨረሻ በፊት አስቡበት። ኮምቦልቻም ይወርዳሉ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስለማይወዱት ግን የሚያድሩበት ቦታ አዘጋጁላቸው። እስኪመጡ ድረስ ጓሯችሁን አታጽዱ። የምትጥሉትን ድንጋይ ነው መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ።