ግድግዳ ላይ ያለው ካሜራና ሰው የሚለብሰው

ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ የሞባይል መሸጫ በር በላይ ነጭ ካሜራ ተሰቅሏል። ከሥሩ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ቀኑን ሙሉ ይቀረጻል፤ ማን እንደሚያየው ግን አያውቅም። ምስሉ በገመድ ወርዶ ባንኮኒው ሥር ካለ ሣጥን ይገባል፤ ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ የቆየው ይጠፋና አዲሱ በላዩ ይቀዳል። ሌባ ለመያዝ ይጠቅማል፣ አልክድም።

የሚለበሰው ካሜራ ሌላ ነገር ነው። ካናዳዊው የፈጠራ ሰው ስቲቭ ማን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ካሜራ ለብሶ እየዞረ፣ ከላይ ሆኖ ለሚያየን ዓይን ከታች መልሶ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል ሲል ኖሯል። ኢራቅ የተወለደው አርቲስት ዋፋ ቢላል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ካሜራ ከጭንቅላቱ ኋላ አስተከለ። በየደቂቃው አንድ ፎቶ እየተነሳ ዶሃ ወዳለ ሙዚየም ይሄድ ነበር። በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግን እንዲሸፍነው ተጠይቋል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ጣሪያ ላይ ስንት ካሜራ እያለ የሚያስፈራው ሰው ላይ ያለው ሆነ።

ምረጥ ብባል የሚለበሰውን እመርጣለሁ። ባለቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት «ልጄ፣ እኔን እያነሳኸኝ ነው?» ብለው ሊጠይቁት፣ «ተው» ሊሉት ይችላሉ። ግድግዳን ማን ይጠይቃል?

ቡና ላይ ሲሆን ግን ልቤ ይለወጣል። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ጎረቤት የልቡን በሚያወጣበት ሰዓት፣ ለጥበብ ብሎ የለበሰውም ቢሆን በሩ ላይ አውልቆ ይግባ።