ኦፕዜሉራ ለለምጽ፦ ፊቴ ላይ ሠርቷል፣ ጣቶቼ ላይ ግን ደካማ ነው

ለምጽ ያለባቸው ወገኖች ስለዚህ ቅባት ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በግልጽ ልጻፍ። ስሙ ኦፕዜሉራ ነው፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት ሩክሶሊቲኒብ ይባላል፣ መጠኑ 1.5 በመቶ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ለምጹ ያለብኝ ጢሜ ዙሪያ፣ ጉንጬ ላይና ጣቶቼ ላይ ነው። ቅባቱን ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ባጭሩ፦ ለፊት በጣም ጥሩ፣ ለጣት ደካማ፣ ዋጋው ግፍ።

ከቅባቱ በፊት ግን ምርመራው ይቅደም። ሐኪሟ ክፍሉን አጨልማ በዉድ ላምፕ አየችኝ፤ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ ትንሽ የእጅ መብራት ነው። ለምጽ የያዘው ቦታ ቀለም ስለሌለው በጨለማው ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። ቋቁቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ያደላል። በዓይን ገና ያልታየ አዲስ ቦታም ይወጣል። አያምም፣ ጊዜም አይፈጅም። ቋቁቻ ይዟቸው ለምጽ ነው ተብለው ሲሳቀቁ የኖሩ ሰዎች አሉ እኮ፣ ቋቁቻ ደግሞ በርካሽ የፈንገስ መድኃኒት የሚድን ነገር ነው! የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) የደም ምርመራም አዘዘችልኝ፣ ለምጽና የታይሮይድ ሕመም አብረው መምጣት ስለሚወዱ። ሐኪማችሁ ይህን ካላነሳ እናንተ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቅባቱ። ለምጽ ማለት የራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ሲያጠቁ ነው። ጥቃቱን የሚጠራው መልእክት ጃክ በሚባሉ ኢንዛይሞች በኩል ያልፋል። ቅባቱ ጃክ 1ንና ጃክ 2ን ስለሚያፍን መልእክቱ ይቋረጣል፣ ጥቃቱም ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ከፀጉር ሥር ተርፈው የቀሩት ቀለም ሠሪ ሴሎች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ቀለሙ መጀመሪያ ጠቃጠቆ መስሎ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ፀጉር የማይበቅልበት የጣት ጫፍና መዳፍ ግን እነዚህ ሴሎች የሚመጡበት ምንጭ የለውም፣ ፀጉሩ ራሱ የነጣበት ቦታም እንዲሁ ይለግማል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው መኖሩ ጠቅሞኛል፤ አለበለዚያ ጣቶቼን እያየሁ ፊቴንም መቀባት እተው ነበር።

የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለለምጽ የፈቀደው እ.ኤ.አ. ጁላይ 2022 ነው፣ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ። የለምጽን ቀለም ለመመለስ ተብሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ለችፌ ደግሞ በ2021 ቀድሞ ተፈቅዶ ነበር። ከ600 በላይ ሰዎች በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች ላይ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከተጠቃሚዎቹ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የፊታቸው ለምጽ በ75 በመቶና ከዚያ በላይ ተሻሽሏል። መድኃኒት የሌለበትን ቅባት ከተቀቡት እዚያ የደረሱት 10 በመቶ ገደማ ናቸው። ዓመት ሙሉ የቀጠሉት ጋ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ወር ተቀብታችሁ "አልሠራም" ብላችሁ አትጣሉት። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ለምጽ ከማንም በላይ ጎልቶ የሚታየውና ሰውን ከሠርግ ከለቅሶ የሚያስቀረው እኛ ቆዳ ላይ ነውና።

የእኔ ፊት ላይ መጀመሪያ ወራት አለፉ፣ ምንም የለም። ከዚያ ጢሜ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣቦች መጡ፣ እየሰፉ ሄደው ተገጣጠሙ። አዲሱ ቀለም በፊት ከነበረው ጠቆር ብሎ ነው የወጣው፤ ደንግጬ ነበር፣ እያደር ግን ከቀረው ቆዳዬ ጋር ተመሳሰለ። አሁን ጉንጬ ላይ ለምጽ እንደነበረ ካልነገርኳችሁ አታውቁም። ጣቶቼ ላይ ግን መገጣጠሚያው አካባቢ ትንሽ ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለው። ሐኪሟ የጨረር ሕክምና ጨምራልኛለች፤ ናሮውባንድ ዩቪቢ ይሉታል፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጨረሩ ፊት ለአጭር ጊዜ መቆም ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከሰውነት 10 በመቶ አለማለፍ። የራሳችሁ መዳፍ ከነጣቶቹ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ በእሱ ለኩት። እኔ ላይ ብጉር አውጥቶብኛል፣ የተለመደ ነው፣ ቀለል ያለ ማሳከክም ያመጣል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ የደም መርጋት። ማስጠንቀቂያው በዋናነት የመጣው ከሚዋጡት የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒቶች ነው፤ ቢሆንም ደም ረግቶባችሁ ወይም ካንሰር ታማችሁ የምታውቁ ከሆነ ሳትደብቁ ለሐኪም ተናገሩ።

ዋጋው ነው የሚያናድደኝ። ያለ ኢንሹራንስ የ60 ግራሙ ቲዩብ ወደ 2,000 ዶላር ነው። የእኔ ኢንሹራንስ መጀመሪያ "የመልክ ጉዳይ ነው" ብሎ ከለከለኝ። የመልክ ጉዳይ አይደለም፣ በሽታ ነው። ሐኪሟ ፎቶና ደብዳቤ ጨምራ ይግባኝ ብላልኝ ነው የፈቀዱት። ከከለከሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ይግባኝ በሉ፤ ኩባንያው ራሱ ያለውን የቅናሽ ካርድም ጠይቁ።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ አንድ ቲዩብ ላክልን ይሉኛል። አልላክሁም። አንድ ቲዩብ አልቆ ቢቋረጥ ምንም አይፈይድም፣ ሐኪም የማይከታተለው የጃክ መድኃኒትም አያምረኝም። እዚያ ከቆዳ ሐኪም ጋር ስለ ታክሮሊመስ ቅባት ጠይቁ፤ ለፊት የሚሆን፣ በጣም የሚረክስ፣ ለለምጽ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መድኃኒት ነው፣ ከጨረር ጋር ሲሆን ደግሞ ይበረታል። ከኮስሜቲክስ ሱቅ የሚገዛውን የስቴሮይድ ቅባት፣ ክሎቤታሶልንና ቤታሜታሶንን፣ ግን በራሳችሁ ፊት ላይ አትጀምሩት። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሊያዘው ይችላል፣ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮቹንም ያወጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ከለምጹ ሌላ ሁለተኛ ሕመም ታክማላችሁ።