ማሳጅና ብርሃን በአንድ እቃ፦ መላጫ መሰሏ፣ ባለ ሰባት ቀለሟ ወይስ ማስኩ?

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የአክስቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደወለችልኝ። ጥር ላይ ልታገባ ነው። «እታለም፣ ያቺን ፊት የምታሸውን፣ ቀይ መብራት ያላትን እቃ ልግዛ ወይስ ብሩን ቀሚሱ ላይ ልጨምረው?» አለች። እኔን መጠየቋ ልክ ነው። ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ። አንዷ ከአሜሪካ በወንድሜ ሚስት ሻንጣ የመጣች መላጫ መሰሏ፣ አንዷ እዚሁ ሱቅ ገዝቼ የተቆጨሁባት ባለ ሰባት ቀለሟ፣ ሦስተኛው ከጓደኛዬ ጋር ተዋጥተን ያስመጣነው፣ ፊት ላይ የሚደረግ ባለ መብራት ማስክ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን፣ ካርዷ አለቀ፣ መልሼ ደወልኩ። ከሷ በኋላ ሁለት ሰው ያንኑ ስለጠየቀኝ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ማሳጅ መንቀሳቀስ ይፈልጋል፣ ብርሃን ደግሞ ባለበት መቆየት ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ እጀታ ላይ ስታደርጊያቸው አንዱ ሌላውን ያጣድፈዋል። «ሁለት በአንድ» ሲሉን ቅናሽ ያገኘን ይመስለናል እንጂ ይሄን አናስበውም።

በቁጥር ላሳይሽ። መላጫ መሰሏ ያልኳት እንደ ሶላዌቭ ያለችዋን ነው፤ ቀጭን እጀታ፣ ጫፏ ላይ እንደ ጢም መላጫ የተጋደመ ትንሽ ጭንቅላት። 630 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው፣ የብርሃኑን ዓይነት ይለያል) ቀይ ብርሃን፣ ንዝረት፣ ሙቀትና ቀላል የኤሌክትሪክ ጅረት አላት። ጭንቅላቷ ሁለት ጣት ቢያህል ነው። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን በሷ ልክ ስቆጥረው አሥራ አምስት ቦታ ወጣ። አምስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ካልኳት ለአንዱ ቦታ የሚደርሰው 20 ሰከንድ ብርሃን ነው። ማስክ 10 ደቂቃ ስታደርጊ ግን እያንዳንዱ ቦታ 600 ሰከንድ ያገኛል። ሠላሳ እጥፍ! ያውም የመብራቱ ጉልበት እኩል ነው ብለን። በመላጫዋ ማስኩን ልድረስበት ካልሽ ሁለት ሰዓት ተኩል መስታወት ፊት መቆም ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት የሳምንቱን እንጀራ ጋግሬ እነሳለሁ።

ብርሃኑ ራሱ ግን ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ኤንድሬ ሜስተር የሚባል የሃንጋሪ ሐኪም የተላጩ አይጦች ላይ ደካማ ቀይ ሌዘር ሲያበራ ፀጉራቸው ቶሎ ሲበቅል አየ፤ ነገሩ ከዚያ ተነሣ። ሻጮች «የናሳ ቴክኖሎጂ» የሚሉት ደግሞ ናሳ ጠፈር ላይ አትክልት ለማብቀል ሲሞክረው የነበረው ኤልኢዲ የሚባል ቀይ ትንሽ አምፖል በኋላ ለቁስል መሞከሩን ይዘው ነው። ናሳ የፊት ማስክ አልሠራም፣ አትሞኚ። ዛሬ ለፊት የሚፈለገው ከ630 እስከ 660 ናኖሜትር ያለው ቀይና 830 አካባቢ ያለው፣ ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ነው። ቀዩ ከላይኛው ቆዳ አልፎ ኮላጅን (ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን) የሚሠራበት ክፍል ይደርሳል፣ ኢንፍራሬዱ ከዚያም ይጠልቃል። ዓይን ዳር ያሉትን ቀጫጭን ሽብሽባቶች ትንሽ ያለሰልሳል። ትንሽ ነው ያልኩት። ያውም በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ሳታቋርጪ፣ ሁለት ሦስት ወር ስትቆይበት።

ማሳጁስ? ጠዋት ዓይንሽ ሥር የተጠራቀመውን ፈሳሽ ይገፋዋል፣ ደም ያዘዋውራል፣ ፊትሽ ፈካ ይላል። እስከ ምሳ ድረስ። ያንን ደግሞ ጣትሽም ይሠራዋል፤ ሁለት ጠብታ ዘይት፣ ከአፍንጫ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ቁልቁል ወደ አንገት፣ ቀስ ብሎ። ሕፃን በለጋ ቅቤ እያሹ የሚያሳድጉ እናቶች ያሉበት አገር ተቀምጬ ለመታሸት ብቻ 150 ዶላር ማውጣት አላምንበትም።

አሁን ወደ ባለ ሰባት ቀለሟ። ይቺ በየሱቁ ያለችው፣ ነጭ፣ ክብ ራስ ያላት፣ ቁልፏን በጫንሽ ቁጥር ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ የምትለው ናት። ትንቀጠቀጣለች፣ ትሞቃለች፣ አንዳንዷ ቆንጠጥ የሚያደርግ ኤሌክትሪክ አላት። ዋጋዋ ከሁሉም ይረክሳል፣ እኔንም ያማለለኝ እሱ ነው። ካርቶኗን አገላብጬ ባየው ስንት ናኖሜትር እንደሆነ የሚል የለም፤ ቀለም ብቻ። ቀለም ደግሞ የገና ዛፍ መብራትም አለው።

ይቺን እቃ የምቆጣባት ግን በርካሽነቷ አይደለም። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጉንጬ ላይ ማዲያት ወጥቶብኛል። «ሰማያዊው ፊት ያጠራል» ብላ ሻጯ አስረድታኝ ነበርና ማታ ማታ ሰማያዊውን ከሙቀቱ ጋር እየደረብኩ ጉንጬ ላይ አደርገዋለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እህቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ ስኒዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና «ምነው፣ ጥላሸት ነክቶሻል» ብላ በአውራ ጣቷ ልትጠርግልኝ ሞከረች። ጥላሸት አልነበረም። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የመጀመሪያ ትእዛዟ «እሱን እቃ አቁሚ» ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። 415 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን የብጉር ባክቴሪያ ይገድላል፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ያው ሰማያዊ ብርሃን ቀለም ያስነሳል፤ ጠቆር ይልና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ቀዩ እንዲህ አያደርግም። ሙቀት ደግሞ ማዲያትን ለብቻው ያባብሳል፤ ምጣድ ፊት የሚውሉ ሴቶች ይሄን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ስለዚህ ማዲያት ካለብሽ፣ ወይም ብጉርሽ ሲድን ጥቁር ነጥብ እየተወ የሚሄድ ከሆነ፣ ሰማያዊም ሙቀትም ይቅርብሽ። ሙቀቱ የማይጠፋ እቃ ከሆነ እቃውም ይቅር።

እዚህ ላይ የኛን አገር ፀሐይ አትርሺ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400ን ታልፋለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቅሽም እንጂ ማርቆስ ላይ ፀሐዩ ይብሳል። ማታ 10 ደቂቃ ቀይ ብርሃን አብርተሽ ቀን ያለ ሰንስክሪንና ያለ ጃንጥላ ገበያ ከዋልሽ፣ በአንድ እጅ እየሰፋሽ በሌላው እየተረተርሽ ነው። ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሰንስክሪኑን ግዢ። ለማዲያት ቀለም ያለው ሰንስክሪን ይሻላል፣ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል።

ማስኩ ጋ ስንመጣ፣ እኔና ጓደኛዬ የምንጋራው ለስላሳ ሲሊኮን ነው፣ የኦምኒለክስ ዓይነት፤ 633 ቀይና 830 ኢንፍራሬድ ብቻ ያለው። ሰማያዊ የለውም፣ አያሽም፣ 10 ደቂቃ ሲሞላ ራሱ ይጠፋል። አሜሪካ 395 ዶላር ሲሸጥ ነው የማውቀው፤ ለኛ ከባድ ዋጋ ነው። በአንድ ሰው አቅም አልገዛውም ነበር። የሚያናድደኝ ማሰሪያው ነው። የተሠራው ለዞማ ፀጉር ነው መሰለኝ፣ ሹሩባ ላይ አይጨበጥም፣ ይንሸራተታል። ቅቤ የተቀባሽ ቀንማ ጭራሽ አትሞክሪው፤ ሲሊኮኑ ሽታውን ይዞ ለጓደኛዬ ሲደርስ ስልክ ይመጣብኛል። እኔ አሁን ጋደም እልና ሳላስረው ፊቴ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ማሳጅም ብርሃንም በአንድ ማስክ የሚሉትም አሉ። ቴራቦዲ የሚባለው ድርጅት 648 መብራት ያለው፣ ግንባርና ዓይን ዙሪያ የሚንቀጠቀጥ ደረቅ ማስክ አውጥቷል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ብርሃኑ ሳይንቀሳቀስ ማሳጁ ባለበት ይሠራል፣ ከላይ ያልኩት ጠብ ተፈታ ማለት ነው። ዋጋው ግን ሲወጣ 599 ዶላር ነበር፣ አንዱ ዙር ደግሞ ሰማያዊ አለበት፤ ለኔ ዓይነት ፊት ያንን ዙር መዝለል ግድ ነው። የዚያው ድርጅት ጭንቅላቱ የሚቀያየር በእጅ የሚያዝ እቃም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በ399 ዶላር የወጣው። መንጋጋው ለሚጨናነቅበት፣ ማታ ጥርሱን ለሚያፋጭ ሰው ማሳጁ ደስ ይላል። ለብርሃን ከፈለግሽው ግን ያው የመላጫዋ ሒሳብ ነው።

ስለ መብራት ኃይል ሳልናገር አላልፍም። የወንድሜ ሚስት መጀመሪያ ያመጣችው ሌላ እቃ ነበር፣ ባለ ገመድ። ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ ጢው አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ቻርጀሩ ላይ በትንንሽ ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ አትፍሪ፤ 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ሶኬቱን አታስነኪው። በዩኤስቢ የሚሞላ ከሆነ ከሁሉም ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ትሞይዋለሽ፣ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲልም የሚመታው የስልክ ቻርጀርሽን ነው እንጂ እቃውን አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ይቺን ሞክሪ። «ኢንፍራሬድ አለው» ካሉሽ የስልክሽን የፊት ካሜራ ክፈቺ። መጀመሪያ የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ላይ ሞክሪው፤ ቁልፉን ስትጫኚ በካሜራው ወይን ጠጅ የመሰለ ብልጭታ ካየሽ ካሜራሽ ኢንፍራሬድ ያያል ማለት ነው። ከዚያ እቃውን አብሪና ለዓይን የጠፉ የሚመስሉትን አምፖሎች በካሜራው እይ። ምንም ካልበራ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ኢንፍራሬድ ወሬ ነው። እኔ ይሄን ባለ ሰባት ቀለሟ ላይ ያደረግኩት ከገዛኋት በኋላ ነበር፣ አታስቂኝ። «ኤፍዲኤ» (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) የሚለው ጽሑፍም አያስደንግጥሽ፤ ተመዝግቧል ማለትና ተመርምሮ ለሽያጭ ተፈቅዷል ማለት ለየቅል ነው፣ ካርቶን ላይ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው።

ዓይን ላይ ቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውትሮጂና የብጉር መብራት ማስኩን ከገበያ ያነሳው ለአንዳንድ ሰው ዓይን ያሰጋል ተብሎ ነው። የዓይን መከለያ የሌለውን አትግዢ፣ ካለውም ጨፍኚ። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የሚጥል በሽታ ካለብሽ፣ ወይም ልብሽ ላይ መሣሪያ ከተተከለልሽ ኤሌክትሪክ ያለባቸውን አትንኪ። ለብጉር ዶክሲሳይክሊን እየዋጥሽ ከሆነ ቆዳሽ ለብርሃን ስስ ነውና ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። መግል የያዘ ብጉር ላይ ምንም የሚንቀጠቀጥ ነገር አታዙሪ፣ የጓደኛሽንም ተውሰሽ በአልኮል ሳትጠርጊ አትጠቀሚ። «ፊት የሚያቀላ» ቅባት ስትቀቢ የኖርሽ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ ስላለ ቆዳሽ ሳስቷል፤ ማሳጁ ይቆይልሽ።

ለአክስቴ ልጅ ምን አልኳት? ማዲያት የላትም፣ ብጉሯም ጠፍቷል፣ የምትፈልገው ለሠርጓ ፊቷ እንዲፈካ ነው። ጥቅምት ላይ ስለደወለች ለጥር 12 ሳምንት ገደማ ነበራት፣ ይበቃል። «ከሚዜዎችሽ ጋር ተዋጥታችሁ ቀይና ኢንፍራሬድ ብቻ ያለው ማስክ አስመጡ፣ ማሳጁን በእጅሽ» አልኳት። ታኅሣሥ ላይ ደውላ ቢሆን ኖሮ ቀሚሱን ግዢ ነበር የምላት። በሦስት ሳምንት ብርሃን ምንም አያደርግላትም።

መላጫ መሰሏን የሚገዛ ሰው አለ? አለ። አንድ ቦታ ብቻ የሚያስጨንቃት፣ ለምሳሌ ቅንድቧ መሃል ያለው መስመር ወይም ከንፈሯ ዳር፣ እዚያው ላይ አቁማ መያዝ የምትችል፣ ማስክ የሚከብዳት። ፊቷን ሙሉ ለምታዞር ግን የማሳጅ እቃ ናት፣ መብራቱ ጌጥ ነው።

የኔዋን እናቴ ወስዳታለች። ማታ ማታ ነጠላዋን ደርባ ትቀመጥና ጉልበቷ ላይ ታስደግፋታለች፣ «ትሞቀኛለች» ነው የምትለው። ዳዊቷን እስክትጨርስ ንቅንቅ አታደርጋትም።